የጉያናዎቹ ፊርማ

ወረርሽኙ የገባ ዓመት እኔ ጆሃንስበርግ፣ ራንድበርግ ባለው ቤቴ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ግብጾችንና ጉያናዎችን፣ የደቡብ አሜሪካዋን ትንሽ አገር ሰዎች፣ አወዳድር ነበር። ሰው ሲሰማ ይስቃል። ይሳቅ። አንድ የሆሳዕና ልጅ ደቡብ አፍሪካ ተቀምጦ፣ በስም እንጂ በእግሩ ረግጦት በማያውቀው ሀብታም አገር ስለሚኖሩ ግብጻውያንና ጉያናውያን ስደተኞች ምን አገባው? ያገባኝ እንጀራዬ ስለሆነ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በኮንትራት ስታቲስቲክስ አስተምር ነበር፤ በጎን ደግሞ ባሕር ማዶ ያለ አንድ የጥናት ቢሮ ቁጥር ይልክልኛል፣ እኔ ሠንጠረዥ አውጥቼ ትርጉሙን እጽፋለሁ። የዚያ ዓመት ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበር፦ ከሁለቱ ማኅበረሰቦች የትኛው ተሳካለት? የትኛው ቤት ገዛ፣ የትኛው በተማረበት ሙያ ሠራ፣ የትኛው ልጆቹን ከራሱ የተሻለ ቦታ አደረሰ? ለምን?

የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ቁጥሩ ራሱ ይመልሳቸዋል። «ለምን» የምትለዋን ግን ሰው ነው የሚጽፋት፤ የሚከፈለኝም ለእሷ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ያኔ ዳቬይተን ሱቅ ነበረው። ሎኬሽን የምንለው፣ ከከተማው ወጣ ያለ የጥቁሮቹ ሰፈር ነው። የአንዲት ዙሉ እናት ጋራዥ ተከራይቶ፣ ፊቱን በብረት ፍርግርግ አጥሮ፣ ዳቦና ወተት፣ ስኳር፣ ሻማ፣ የስልክ ካርድ፣ በነጠላ ሲጋራ እየሸጠ አሥራ አንድ ዓመት ኖሮበታል። ኖሮበታል ስል እውነቴን ነው፤ የሚተኛው ከመደርደሪያው ጀርባ ነበር። ሰፈርተኛው ስሙን አያውቅም። ሕፃኑም ሽማግሌውም «ማይ ፍሬንድ» ነው የሚለው፤ «ማይ ፍሬንድ፣ ግማሽ ዳቦ»፣ «ማይ ፍሬንድ፣ አንድ ሻማ»። እሱ ደግሞ የጋራዡን ባለቤት «ጎጎ» ይላቸዋል፣ በዙሉ አያቴ እንደማለት። ጠዋት ደጃቸው ቆሞ «ሳውቦና ጎጎ» ብሎ ሰላምታ ሳይሰጥ ሱቁን አይከፍትም ነበር።

እሱና እኔ የአንድ እናት ልጆች ነን። አባታችን የሞተ ዓመት እሱ ስምንተኛ፣ እኔ አራተኛ ክፍል ነበርን። ሁለታችንም መማር አንችልም፤ ከሁለታችን አንዳችን መቅረት ነበረብን። ማንም ሳይጠይቀው ደብተሮቹን ለእኔ ሰጥቶ ገበያ ወጣ። ግማሽ የተጻፈባቸው ደብተሮች ነበሩ፤ የእሱ የሒሳብ ሥራ ካቆመበት ገጽ ቀጥዬ የራሴን ጻፍኩ። ከዚያ እኔ በነጻ የትምህርት ዕድል፣ በአውሮፕላን፣ ምግብ እየቀረበልኝ እዚህ አገር ገባሁ። እሱ ከዓመታት በኋላ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ አቋርጦ፣ አንዳንዱን በእግሩ፣ አንዳንዱን በጭነት መኪና ሸራ ሥር ተኝቶ መጣ። ማላዊ ላይ ታስሯል። ስለዚያ እስር አንድ ቀን አላወራኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። እኔ የቋሚ ነዋሪ መታወቂያ አገኘሁ፤ እሱ በየስድስት ወሩ የሚታደስ የጥገኝነት ወረቀት አገኘ።

አንድ ነገር ላስረዳ፤ ያለሱ ነገሬ አይገባም። በእኛ ቤት ታላቅ ታናሹን አይለምንም። ያዘዋል እንጂ አይለምነውም። ታናሹ አድጎ፣ አግብቶ፣ ስም ካወጣና ማዘዝ ካልተቻለ ደግሞ ሽማግሌ ይልክበታል። ሁለት ሰዎች ይሄዳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ስለ ከብቱና ስለ ልጁ ይጠይቃሉ፣ በመጨረሻ ነገሩን ያነሱታል። ፊት ለፊት መጠየቅ ሁለቱንም ወንድማማች ማዋረድ ነው። ደህና ታናሽ ከሆነ ግን ነገሩን እዚያ አያደርሰውም። ታላቁ ዳር ዳር ማለት ሲጀምር፣ ገና ሐሳቡ ከአፉ ሳይወጣ፣ «እኔ አለሁ» ይላል። ይኸው ነው ሥርዓቱ። ይህን የማያውቅ ታናሽ በአገራችን የለም፤ እኔም አውቀዋለሁ።

ሎክዳውን ሲታወጅ ምግብ የሚሸጡ ሱቆች ይከፈታሉ ተባለ። ቀጥሎ ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል ተባለ። ቀጥሎ ፈቃዱ ወረቀቱ ላልሞተ ሰው ብቻ ነው ተባለ። የወንድሜ ወረቀት ቀኑ ያለፈው የጥገኝነት ቢሮው በሩን በዘጋበት ሳምንት ነበር። እንደዚህ ያለው ሁሉ በራሱ ተራዝሞለታል ብሎ ሬዲዮው ተናገረ፤ እሰይ አልን። በሩ ላይ የመጣው ፖሊስ ግን ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቀን ነው የሚያየው። በሁለተኛው ሳምንት መጥተው አሸጉበት። ወንድሜ ፍራሹን ተሸክሞ ጎጎ ጓሮ ወዳለች የቆርቆሮ ክፍል ገባ፤ ዳቦው ፍርግርጉ ውስጥ ሻገተ።

መፍትሔ አልነበረውም እንዳይባል፣ ነበረው። ሎኬሽን ያሉ ያገራችን ልጆች ብዙዎቹ ያንን አድርገው ነው መልሰው የከፈቱት። ወረቀቱ የማይሞት ሰው፣ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ፣ ለሱቁ ኃላፊ ነኝ ብሎ ፎርሙ ላይ ስሙን ይጽፋል፣ የመታወቂያውን ኮፒ ያያይዛል፣ ይፈርማል። በቃ። ከዚያ እሽጉ ይነሣል። ወንድሜ በዚህ አገር ከሚያውቃቸው ሰዎች ሁሉ እንዲህ ያለ መታወቂያ የነበረው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም የገዛ ወንድሙ ነው።

የደወለልኝ ረፋድ ላይ ነው፤ ሠንጠረዦቼን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። በቤታችን ቋንቋ ነው የምናወራው፤ እዚህ ወደ አማርኛ አምጥቼው ነው። ደህና ነህ ወይ፣ ሚስትህስ ደህና ናት፣ ልጅቷስ፣ ሳል የለም፣ ትኩሳት የለም፣ ቤት ሆነህ ነው አሉ የምታስተምረው፣ ተማሪዎቹ በስልክ ይሰሙሃል? እያለ ሄደ። «ግብጾቹን አሸነፍካቸው ወይስ ገና ነው?» ብሎም ቀለደብኝ። በዚያ ሰሞን ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ግድቡ ነበርና፣ ስለ ግብጾች እጽፋለሁ ስለው የሆነ ክርክር ውስጥ ያለሁ ይመስለው ነበር። ከዚያ ሱቁ መታሸጉን የሌላ ሰው ወሬ አስመስሎ ነገረኝ። ፖሊሶቹ ጨዋ ነበሩ አለ። በመጨረሻ «ፎርሙ ሰው ይፈልጋል አሉ» አለና ዝም አለ።

ስልኩ ውስጥ የጎጎ ዶሮዎች ይሰሙኛል። እሱ ይተነፍሳል። ያ ዝምታ የእኔ ተራ ነበር፤ «ጋሼ፣ እኔ አለሁ» የምልበት ቦታ እዚያ ነው። ምላሴ ላይ ነበረች። «እግዚአብሔር ሰው ያዘጋጃል» አልኩት። «አሜን» አለ፤ ወዲያው ካርዱ አልቆበት ተቋረጠ። መልሼ አልደወልኩም።

ከሦስት ቀን በኋላ የፎርሙን ፎቶ በዋትሳፕ ላከልኝ። አንዲት ቃል አልጻፈበትም፣ ፎርሙን ብቻ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ጫፉ እንዳይጠቀለል አንድ ጣሳ ዓሣ አስቀምጦበት ነው ያነሣው። ስም የሚሞላበት ቦታ ባዶ ነው። አሰፋሁት፣ አነበብኩት፣ ማየቴን ስልኩ ነግሮታል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላል ያገሬ ሰው። እንዳልገባኝ ሆኜ ሁለት ለጸሎት የተጋጠሙ እጆች፣ ያችን ቢጫ ምልክት፣ ላክሁለት። ዛሬም ስልኬ ላይ አለች፤ አላጠፋኋትም።

ለምን? እንግዲህ «ለምን» የምትለዋን ለመጻፍ አይደል የሚከፈለኝ። የዩኒቨርሲቲው ኮንትራቴ በዓመቱ መጨረሻ ነበር የሚታደሰው። ውሉ ላይ ሌላ ንግድ ካለህ አሳውቅ የሚል አንቀጽ አለ። ይህን አንቀጽ ለሚስቴ እንደ ወንጌል አነበብኩላት። ሚስቴ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ ሐኪም ናት፤ በዚያ ሰሞን ከሆስፒታል ስትመለስ ጉንጯ ላይ የማስኩ ጠባሳ ታትሞ ነበር የምትገባው። በረንዳው ላይ ጫማዋን እያወለቀች አዳመጠችኝና፣ እንግዲያው አሳውቃቸዋ፣ ምን ችግር አለው አለችኝ። ክልክል ነው አይልም፣ አሳውቅ ነው የሚለው። እኔ ግን አንቀጹን ከሷ በተሻለ የማውቀው መስዬ ተቆጣሁ፤ አንቺ ይህ አይገባሽም አልኳት።

እውነቱን ላውጣው፤ አሁን ማንን ልፈራ? ውሉ ሰበብ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ፊት ቀርቤ ዳቬይተን ጋራዥ ውስጥ ሻማና ነጠላ ሲጋራ የሚሸጥ ሱቅ በስሜ አለ ማለት አልፈለግሁም። አፈርኩ። እዚህ አገር የኖርኩት ዓመት ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» ላለመባል የለፋሁበት ነው። ንግግሬን አስተካክያለሁ፣ ከረባት አስሬያለሁ፣ ባልደረቦቼ ቤተሰብህ እዚህ አለ ወይ ሲሉኝ ወንድሜ «በንግድ ሥራ ላይ ነው» እያልኩ አልፌያለሁ። በዚያ አፍ ስንቱን ነገር ተናግሬያለሁ መሰላችሁ።

በዚያው ወር ሠንጠረዦቹ መልክ ያዙልኝ። የእኔ ቁጥሮች ውስጥ ያሉት ግብጾች ዲግሪ ይዘው የገቡ ናቸው፤ መሐንዲስ አለ፣ ፋርማሲስት አለ፣ አስተማሪ አለ። ከዚያ ያየኋቸው ግን ታክሲ ሲነዱና የሰው ሱቅ ሲጠብቁ ነው። ጉያናዎቹ ያን ያህል አልተማሩም፤ ቤቱን የገዙት ግን እነሱ ናቸው። ትምህርት ነው ልል ተዘጋጅቼ ነበር፣ የተማረ ሰው ደግሞ ትምህርት ነው ማለት ደስ ይለዋል፤ ቁጥሩ እምቢ አለኝ። እንግሊዝኛውን ከቤታቸው ይዘው ስለመጡ ነው አልኩ፤ ይህም ጥቂቱን እንጂ ሁሉን አላስረዳ አለ። ቢሮው ከቁጥሩ ጋር የላከልኝ ቃለ መጠይቆች ነበሩ፤ ተሰላችቼ እነሱን ማንበብ ጀመርኩ።

ጉያናዎቹ ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚያወሩት። እኅቴ ፈረመችልኝ፣ እኔ ለታናሼ ፈረምኩ፣ እሱ ለአክስታችን ልጅ ፈረመ። ቀድሞ ወረቀት ያገኘው ለተከታዩ ዋስ ይሆናል፣ ቤት ሲከራይ ይፈርምለታል፣ ሥራ ሲገባ ስሙን ያበድረዋል። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ የሚሉት ነው። ግብጾቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ እነዚህኞቹ አብዛኞቹ ብቻቸውን የመጡ፣ ከፊታቸው የሚፈርም ሰው ያልነበራቸው ናቸው። ይህን ሳገኝ ከወንበሬ ተነሥቼ ወጥ ቤቱን ዞርኩ። «የፊርማ ሰንሰለት» የሚል ርእስ ሰጥቼ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ቁጥሩን የምትልክልኝ የጥናት ቢሮው ሴትዮ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ የጥናቱ ልብ ይህ ነው አለችኝ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ስደተኛ ያልሆነ ሰው አያየውም ብላም አሞገሰችኝ። አመሰግናለሁ አልኩ። ስልኬ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ነበር፤ ፎርሙ ውስጡ ነበር። እንዴት አላፈርኩም? አላፈርኩም። ኮርቼ ዋልኩ።

ጎጎ በበኩላቸው ታገሡ። አንድ ወር ታገሡ፣ ሁለት ወር ታገሡ። በመጨረሻ ወንድሜን ጠርተው፣ ሱቁ እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልተከፈተ ጋራዡን ለእኅታቸው ልጅ እሰጣለሁ አሉት። ጠልተውት አይደለም፤ ከሱ ኪራይ ሌላ የሚበሉበት የላቸውም ነበር። ያኔ ወንድሜ የመጨረሻውን ነገር አደረገ። ሽማግሌ ላከብኝ።

ሁለት ነበሩ። አንደኛው ቶኮዛ በሚባል ሌላ ሎኬሽን ሱቅ ያለው፣ የወንድሜ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ሌላኛው ጀፕ፣ መሃል ከተማ ባለው ያገራችን ሰዎች ገበያ፣ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጡ ትልቅ ሰው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰኔ እዚህ የብርድ ወር ነው፣ ሁለት ታክሲ ቀያይረው፣ ሱፍ ለብሰው፣ ማስክ አድርገው መጡ። የእኛ ግቢ እንግዳ ገና አያስገባም ነበር። ዘበኛው ደወለልኝ፤ ሁለት ሰዎች ከወንድምህ ዘንድ ነው የመጣነው ይላሉ አለ። ከሳሎኑ መስኮት በሩ ይታያል። አየኋቸው። ትልቁ ሰውዬ ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል፤ ሌላኛው ፌስታል አንጠልጥሏል።

ማስኬን አድርጌ ወርጄ በሩ ላይ ማነጋገር እችል ነበር። የሚከለክል ሕግ የለም። ዘበኛውም እንደዚያ ነው ያለኝ። የማላዊ ሰው ነው፣ እሱም ስደተኛ፤ «ጌታዬ፣ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ በአጥሩ አነጋግራቸው፣ እኔ ወንበር አወጣላቸዋለሁ» አለኝ። ስብሰባ ላይ ነኝ በላቸው አልኩት። እንግዳ ደግሞ በወረርሽኙ ምክንያት ክልክል ነው በላቸው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ፤ ያ ሁሉ ሰው የፈራው በሽታ ለእኔ መሸሸጊያ ሆነኝ። መጋረጃውን ሳብኩት፤ ግን ጫፉን ይዤ ቆሜ አያቸው ነበር።

አልሄዱም። ስብሰባ ያልቃል ብለው አመኑኝ። ደህና ሰው ሲነግሩት ያምናላ። ፀሐይዋ ያለችበትን ጥግ ፈልገው፣ በመካከላቸው እንደታዘዘው ርቀት ትተው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሙ። አልፎ አልፎ ትልቁ ሰውዬ ወደ መስኮቶቹ ቀና ይላሉ፤ የትኛው የእኔ እንደሆነ አያውቁም። ከዚያ ፌስታሉን ለዘበኛው ሰጥተው ሄዱ።

ፌስታሉ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቆጮ ነበር። ከጀፕ ነው የገዙት፤ ቆጮ እዚህ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። ሚስቴ ማታ ስትገባ ጠረጴዛው ላይ አየችውና ማን አመጣው አለችኝ። ነገርኳት። መቀመጫ ስባ ተቀመጠች።

«ሽማግሌ ከደጅ መለስክ?» አለችኝ። «የወንድምህን ሽማግሌ?»

ወረርሽኝ ነው፣ አንቺ ራስሽ ሐኪም ነሽ ብዬ ጀመርኩ፤ እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። በዚያ ሳምንት ከልጅቷ ጉዳይ በቀር አላነጋገረችኝም። ቆጮውን እኔው በላሁት። ጥሩ ቆጮ ነበር።

ሰኞ ዕለት ከወንድሜ መልእክት መጣ። እጁ ላይ ጽሕፈት ስለማይቀለው አጭር ነው የሚጽፈው፤ «ሽማግሌዎቹ ሥራህ ላይ ስለረበሹህ ይቅርታ» ይላል። እሱ ነው እንግዲህ ይቅርታ የሚጠይቀኝ። መጀመሪያ ላብድ ነበር፤ ስልኩን ወርውሬ ሶፋው ላይ ጣልኩት። ቢሰድበኝ፣ ከኛ ቤት አልወጣህም ቢለኝ፣ ስንት ነገር ይቀለኝ ነበር። ትንሽ ቆይቼ ግን አነሣሁትና «ምንም አይደል» ብዬ መለስኩለት። ይቅር አልኩት ማለት ነው።

ሰኔ አለቀ፤ ጋራዡ ለጎጎ እኅት ልጅ ሆነ። ወንድሜ መደርደሪያዎቹንና ማቀዝቀዣውን እዚያው ትቶ ወጣ፤ የት ይወስዳቸዋል? ይህን የሰማሁት ከሱ አይደለም። ሚስቴ ደውላለት ነው የነገረችኝ፤ ባልነገረችኝ እላለሁ። ሲወጣ ጎጎ አልቅሰዋል አለች። ጀፕ ገብቶ ከጅምላ ሱቆቹ ፎቅ ዕቃ ወደ ታክሲዎቹ ማውረድ ጀመረ፤ ተሸካሚ ሆነ ማለት ነው። በሃምሳ ዓመቱ።

እኔስ? ዩኒቨርሲቲው በዓመቱ መጨረሻ በጀት ቀንሻለሁ ብሎ ኮንትራቴን አላደሰም። ባለ አራት መሥመር ኢሜይል ነው የላኩልኝ። ሌላ ንግድ አለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ማንም የለም፤ ያን አንቀጽ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ከእኔ በቀር ያለም አይመስለኝም። ጥናቱም ታተመ፣ ተሰራጨ። «የፊርማ ሰንሰለት» ከነርእሱ አለ፤ የእኔ ስም ግን ከመጨረሻው ገጽ፣ ከታች፣ እናመሰግናለን ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ነው፣ ያውም አንድ ፊደል ጎድሎት። ያን ያህል የጠበቅሁት ስም ይኸው ነው።

ከወንድሜ ጋር የተያየነው በማግሥቱ ዓመት ነው፣ ሰው እንደገና መውጣት ሲጀምር። ለልጅቷ ሹራብ ልገዛ ጀፕ ወርጄ ነበር። እውነት ለመናገር ሹራቡ የትም ይገኛል፤ እግሬ ነው የወሰደኝ። እኩለ ቀን ነው፣ መንገዱ በሰውና በታክሲ ተጨናንቋል። ከአንዱ ሕንፃ ደረጃ ትልቅ የብርድ ልብስ ጆንያ የተሸከመ ሰው ሲወርድ አየሁ። ከወገቡ በላይ ጆንያ ብቻ ነው የሚታየው። በእግር አጣጣሉ ለየሁት፤ ቀኝ እግሩን ትንሽ ይስባል፣ ማላዊ የመጣ ነገር ነው። ወደ ኋላ ልመለስ ነበር። ይህንንም ልናገር፤ ግማሽ ዞሬያለሁ። ከዚያ ጆንያውን ጥግ ላይ ሲያወርድ ቀና አለና አየኝ።

ሳቀ። ማስክ አድርጎ እንኳ ሲስቅ ያስታውቃል። ክርኑን አቀረበልኝ፤ በክርን ተነካካን። ደህና ነህ ወይ፣ እሷስ፣ ልጅቷስ፣ የስንት ዓመት ሆነች፣ ሳል የለም፣ ክትባት ወሰዳችሁ፣ ሥራ እንዴት ነው? ሁሉንም ጠየቀኝ፣ እንደ ድሮው፣ አንዱን ሳያስቀር። ሥራ ማጣቴን ሰምቷል፤ አልነካውም። እኔም ስለ ሱቁ አልነካሁም። ልብሱ ላይ የብርድ ልብስ ብናኝ ተለጥፏል፣ ፀጉሩ ሸብቷል። ላብ በማስኩ ጠርዝ ይወርዳል።

«ያ ስለ ግብጾቹ የምትጽፈው አለቀ?» አለኝ።

አለቀ አልኩት።

«ማን አሸነፈ? ግብጾቹ እንዳትለኝ።»

ጉያናዎቹ ናቸው አልኩት። ጉያና የት እንደሆነች አያውቅም፤ ግን ደስ አለው፣ እሰይ አለ። ከዚያ እንደ ተማሪ ጠጋ ብሎ፣ በምን አሸነፏቸው አለኝ።

ብዙ ነገር ማለት እችል ነበር። ቋንቋ ማለት እችላለሁ፤ ውሸት አይደለም። ዘመን ማለት እችላለሁ፣ ዕድል ማለት እችላለሁ፣ ስምንት ሠንጠረዥ አለኝ። ዓይኑን እያየሁ ግን አልሆነልኝም።

«አንዱ ለአንዱ ይፈርማል» አልኩት። «ቀድሞ ወረቀት ያገኘው ለወንድሙ ይፈርማል።»

ዝም አለ። ያችው ዝምታ ናት፣ አወቅኋት፤ አሁን ግን የማን ተራ እንደሆነ አላወቅሁም። ታክሲዎቹ ጥሩምባ ይነፋሉ። ይናገረኝ ብዬ ጠበቅሁ፤ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያዋርደኝ ብዬ ተመኘሁ። እሱ ግን መንገዱን አንድ ጊዜ አየ፣ መሬቱን አየ።

«ጌታ ይባርካቸው» አለ። ሽሙጥ የለበትም። ወንድሜን አውቀዋለሁ፣ መሸሞጥ አያውቅም። የማያውቃቸውን ሰዎች ከልቡ ነው የባረካቸው።

የታክሲው ረዳት ቶሎ በል ብሎ በዙሉ ጮኸበት። ወንድሜ «ሻርፕ፣ ሻርፕ»፣ እሺ እሺ እንደማለት፣ ብሎ መለሰለትና ጆንያው አጠገብ ጎንበስ አለ። ሞከረው፤ ከመሬት ብቻውን ማንሣት ከበደው። ቀና ብሎ አየኝ።

«እስቲ አንዴ አግዘኝ» አለኝ።

ታላቅ ወንድሜ በዕድሜዬ ሙሉ አፍ አውጥቶ የጠየቀኝ ነገር ይህ ብቻ ነው። በሁለት እጄ ያዝኩለት፣ አነሣሁት፣ ትከሻው ላይ አወጣሁለት። ከባድ ነበር። ወገቡ እስኪረጋ ጥቂት ያዝኩት፤ ከዚያ ልቀቀው አለኝና ለቀቅሁት። እግሩን እየሳበ ወደ ታክሲው ሄደ።